የጦጣ የደም ግፊት መለኪያ ይዤ ወደ ጓሳ

ላምበረት መናኸሪያ የደረስኩት ገና ሳይነጋጋ ነው። ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት ሣጥን ግን ከእኔ በላይ መነጋገሪያ ሆነ። የአውቶቡሱ ረዳት «ጣራ ላይ ይውጣ» ይላል፤ እኔ «አይወጣም» እላለሁ። በመጨረሻ «እንግዲያው ውስጥ ከገባ እንደ ሰው ይከፍላል» አለኝና ከፈልኩለት። ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላም አላስቻለውም።

«ፋዘር፣ ውስጡ ምንድን ነው ያለው?»

«የደም ግፊት መለኪያ።»

«የማን?»

«የጦጣ።»

ሳቁ እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ። ያልሳቁት አጠገቤ የተቀመጡት ባልቴት ብቻ ናቸው። «እሷንም ያዛት? ምስኪን!» ብለው ከልባቸው አዘኑ። እኔም የጉዞዬን ዓላማ ከዚህ በላይ ማስረዳት ስላልቻልኩ መስኮቱን ተደግፌ እንቅልፍ የወሰደኝ መሰልኩ።

ለአንባቢዬ ግን በወጉ ላስረዳ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ቤተ ሙከራ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ነኝ። ለመድኃኒት ጥናት የተያዙ ጦጣዎች አሉን፤ ተኝተው ሲመረመሩ የደም ግፊታቸውን የሚከታተለው መሣሪያ የኔ ኃላፊነት ነው። ነገሩ ሐኪም ቤት ክንዳችን ላይ እንደሚጠመጠመው ነው። ልዩነቱ፣ ካፍ የምንለው ጨርቅ ለአራስ ልጅ ክንድ የሚሆን መሆኑ ነው። ትንሿ ፓምፕ አየር ትነፋለች፣ ካፉ ጠበቅ ይልና ቀስ እያለ ይለቃል፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥር ይወጣል። ካፉ ከጠበበ ቁጥሩ ይጋነናል፣ ከሰፋ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይዋሻል። እኔ እንግዲህ ከቁጥር ውሸት ጋር ስታገል የኖርኩ ሰው ነኝ። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ያን ያህል ዘመን ከጦጣ ጋር ስውል አንዷን እንኳ ሣር ላይ ተቀምጣ አይቼ አላውቅም።

የጉዞው ምክንያት ዶክተር ምሕረት ናት። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ቀድሞ እኛ ዘንድ ነበረች፣ አሁን የምትሠራው በዱር አራዊት ላይ ነው። ደወለችልኝና «ጋሼ፣ ጓሳ ላይ አንዲት ጭላዳ ቀኝ እጇን የሽቦ ወጥመድ ይዟታል» አለችኝ። ጭላዳ ያ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው የደጋ ዝንጀሮ ነው። ይቺኛዋ የምታጠባ እናት ናት፤ ሽቦው ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ለማውጣት ማስተኛት ግድ ነው፣ የሚያስተኛው መድኃኒት ደግሞ ግፊት ይጥላል። «በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ብርድ፣ ግፊቷን ሳላይ አልነካትም። የሰው ካፍ ክንዷ ላይ ይዞራል። ያንተን መሣሪያ አምጣልኝ።»

«እሷን ለምን ወደዚህ አታመጫትም?»

«አይቻልም። የጓሳ ሕግ አይፈቅድም።»

መንዞች ጓሳን በሕግ ጠብቀው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሣሩ የሚታጨድበት ጊዜ አለ፣ ከብት የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ ውጭ ሣር ይዞ የተገኘ ይቀጣል። ጭላዳይቱም ለአንዲት ሰዓት እንኳ ከጓሳ እንድትወጣ ሽማግሌዎቹ አልፈቀዱም። የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም በዚሁ ተስማምቶ ፈቃዱን ሰጠ። ስለዚህ ሐኪም ቤቱ ወደ በሽተኛዋ መሄድ ነበረበት፤ የሄደውም በኔ ጭን ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን

የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን ሰላም የሚለው ከጆሮው ጀምሮ ነው። ወቅቱ ጥምቀት ያለፈበት ሰሞን ስለነበር ፀሐዩ ቦግ ብሎ ወጥቷል፣ ሙቀት ግን የለውም። ዶክተር ምሕረት መናኸሪያው በር ላይ አሮጌ ፒካፕ አቁማ ጠበቀችኝ። ከኔ በፊት ሣጥኑን ነው የተቀበለችው።

«ሰው እኮ ነኝ፣ እኔንም ሰላም በይኝ እንጂ» አልኳት።

«አንተ ብትወድቅ ትነሣለህ» አለችና ስማኝ ሳቀች። ያው ናት፣ አልተለወጠችም። ሥራዋን ስትጀምር እጇ ይንቀጠቀጥ የነበረ ልጅ ዛሬ ተራራ ለተራራ ብቻዋን መኪና ትነዳለች። ኩራት ተሰማኝ፤ ምን ላድርግ፣ ልጄ ነው የምትመስለኝ።

ረቡዕ ስለነበር ፉል በትኩስ ዳቦ አዘዝን። እሷ እየበላች ታወራለች፣ እኔ ሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ እሞቃለሁ።

«ጭላዳ የምትኖረው በጣቷ ነው» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ሣር ትነቅላለች። ሌላ ሙያ የላትም። እጇ ከሞተ እሷም ልጇም በረሃብ ነው የሚያልቁት።»

«ተኝታ ከሞተችብንስ?»

«ሽማግሌዎቹ ያሉኝ አንድ ቃል ነው። ከሞተች ሁለተኛ ጓሳ ላይ መርፌ ይዤ እንዳልመጣ።»

ሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ የማስበው መሣሪያዬ በመንገድ እንዳይናወጥ ብቻ ነበር።

የጠጠሩ መንገድ

እስከ ጣርማ በር አስፋልት ነው። መኪና ከሚያልፍበት ዋሻ በፊት ወደ ግራ ሲታጠፍ ጠጠሩ ይጀምርና ወገብም ጥርስም የየራሱን ያንቃጭላል። በቀኝ በኩል መሬቱ ድንገት ያልቅና ከታች የሚታየው ጉም ብቻ ነው። ዶክተሯ ፍሬን በያዘች ቁጥር እኔ ሣጥኑን አቅፋለሁ። በግራ በኩል የታጨደ የገብስ ማሳ፣ በድንጋይ የታጠሩ ግቢዎች፣ ሣር ክዳን የለበሱ ድንጋይ ቤቶች ያልፋሉ። በጎቹ ከሰው ይልቅ ሞቅ ያለ ልብስ ለብሰዋል።

መንገድ ላይ አንዲት ሴት ጠቦት አቅፋ እጇን ስታውለበልብ ቆምንላት። እስከ መሐል ሜዳ ሄዳ ከዚያ ወደ ዘመሮ ልትሻገር ነው። ጠቦቱ እግሬ ሥር ተኛ። ምን እንደያዝን ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች።

«የጭላዳ ከለካችሁ የኔንም ለኩልኛ። ራሴን ሲፈልጠኝ ነው የከረመው» አለች።

ካፉን አውጥቼ አሳየኋት፤ በአውራ ጣቷና በእጅ አንጓዋ ለካችውና ሳቋ መጣ። እኔን ግን አላሳቀኝም። ለጦጣ የሚሆን መሣሪያ ይዤ ለሰው የሚሆን ሳልይዝ መምጣቴ አሳፈረኝ። ዶክተር ምሕረት መሐል ሜዳ ስንደርስ ሴትዮዋን ጤና ጣቢያው በር ድረስ ወስዳ አወረደቻት፤ ሴትዮዋም ጠቦቱን አቅፋ ገባች።

መሐል ሜዳ

ከሰዓት በኋላ የጓሳን ጉዳይ ከሚመሩት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጥን። ዋናው ተናጋሪ መምሬ ተክሌ ናቸው፤ በአካባቢው ባለ ደብር የሚያገለግሉ ካህን፣ ረጅም ጢማቸው ሸብቷል፣ ሲናገሩ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ማሳቸው ከጓሳው ጋር ይዋሰናል።

«ይቺ ጭላዳ የኔን ገብስ የበላች ናት» ብለው ጀመሩ። «አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ አይደለም። ወጥመዱን ማን እንዳጠመደ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም፤ የኛው ሰው ነው። ገብሳችንን ስትበላ እንከለክላታለን። እጇን መቁረጥ ግን ከኛ አይጠበቅም።»

«ስለዚህ ይፈቅዱልናል ማለት ነው?» አለች ዶክተር ምሕረት።

«ፈቅደናል። ከጓሳ አትወጣም፣ እንዳትሞት። ሌላ ቃል የለኝም።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ይህ መሣሪያ እንዳትሞት ያደርጋል?»

ዋሽቼ «አዎ» ልል ነበር፤ የካህን ፊት አስፈራኝ። «መሣሪያው አያድንም፣ አባቴ። ልትሞት ስትል ይናገራል እንጂ።»

«ይናገር እንግዲያ። ሰምቶ የሚያድን ደግሞ አለ» አሉና ነገራቸውን ዘጉ።

ማታ ሽሮ በገብስ እንጀራ በላን። ሆቴሏ ንጹህ ናት፣ ግን ግድግዳዋ ብርድ ያስገባል። ባትሪ በብርድ ቶሎ እንደሚደክም ስለማውቅ የመሣሪያውን ባትሪ ካልሲ ውስጥ ከትቼ ብርድ ልብስ ውስጥ አቅፌው ተኛሁ። ባለቤቴ ደውላ «ከማን ጋር ነህ?» ብትለኝ ምን ብዬ እንደምመልስላት እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጓሳ

ጠዋት ስንደርስ ሣሩ ላይ ውርጭ ተነጥፏል። ጓሳ ለካ የአገሩም የሣሩም ስም ኖሯል፤ ጉልበት የሚደርስ ድርቅ ያለ ሣር ነው፣ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። በየመሐሉ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል እንደ ዘብ ቆሟል። ሣጥኑን ይዤ ጥቂት እንደተራመድኩ ትንፋሼ ተቆረጠ፤ የራሴን ግፊት መለካት አማረኝ።

የጓሳው ጠባቂ ጋሽ ጌጡ ቀድመውን ቆመዋል። የጎልማሳነት ዕድሜን ያለፉ፣ ጠይም፣ ካፖርታቸው ላይ ወፍራም የሱፍ ባና የደረቡ ሰው ናቸው። ሽቦውን መጀመሪያ ያዩት፣ ለዶክተሯ ያስደወሉትም እሳቸው ናቸው። መምሬ ተክሌም ቃላቸው እንዳይታጠፍ ሊያዩ አብረውን መጡ።

«ተቀመጡ» አሉን ጋሽ ጌጡ። «ቆሞ የሚጠብቃቸውን አይወዱም።»

ተቀመጥን። ከገደሉ አፍ አንድ ራስ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ መንጋው በሙሉ። ሌሊቱን ገደሉ ግድግዳ ላይ አድረው ነው የሚወጡት። አውራዎቹ ጎፈራቸውን ነፋሱ ይበታትነዋል፣ እናቶቹ ግልገል አዝለዋል፣ ሁሉም ሣሩ ላይ ቁጭ ቁጭ አሉና መልቀም ጀመሩ። ደግሞ ያወራሉ! ያጉረመርማሉ፣ ይመላለሳሉ፣ ልክ የሰንበቴ ማኅበር ጠላው ሲደርስ እንደሚያወራው። እኔ የማውቀው የጦጣ ድምፅ የፍርሃት ድምፅ ብቻ ነው። እዚያው ተቀምጬ ሆድ ባሰኝ፣ ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግሁ። ዶክተሯ አይታ እንዳላየች ሆነች።

«እሷስ የታለች?»

«ያቻትና» አሉ ጋሽ ጌጡ በአገጫቸው እያመለከቱ። «ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ የምትሄደው።»

ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። በግራ እጇ ብቻ ትነቅላለች፣ አፏ ጋ ታደርሳለች፣ እንደገና ትነቅላለች። ሌላዋ ሁለት እጅ ሣር ስትጎርስ እሷ ጥቂት ሰበዝ ታገኛለች። ሆዷ ላይ የተጣበቀችው ግልገል ጡቷን ትጠባለች። አንጀቴን በላችው።

ዶክተር ምሕረት ወገቧን ጎንበስ አድርጋ በአፍ በሚነፋ ቧንቧ መርፌውን ላከችው። ጭላዳይቱ ብድግ አለች፣ ጭኗን አከከች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ቀስ በቀስ አንገቷ ከበዳት፣ ከዚያ ግንባሯን ሣሩ ላይ ደፋች። መንጋው ሲርቅልን ፈጥነን ደረስን።

ግልገሏ እናቷን አልለቅ አለች። ዶክተሯ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቃ ዞር ስትል እጃቸው ባዶ የሆነው መምሬ ብቻ ናቸው። ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጋቢያቸው ውስጥ ከተተችላቸው። ግልገሏም ያገኘችውን ጢም ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

«መምሬ፣ ክርስትና ሊያነሷት ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ክርስትናው ቀርቶ ጢሜን በለቀቀችልኝ» አሉ፤ ግን ጋቢያቸውን እየሸፈኑላት ነበር።

ካመጣኋቸው ሁለት ካፎች ትልቁን ግራ ክንዷ ላይ ጠመጠምኩ። ፓምፗ ሥራዋን ጀመረች። ዘጠና በሃምሳ። ባትሪው ደህና ነው፣ ቁጥሩ ደህና ነው። ዶክተሯ ቁስሉን አጥባ ሽቦውን ስትፈልግ ፊቷ ተለወጠ። «በጣም ጠልቋል፣ ጋሼ። ጅማቱ ጋ ደርሷል። ጊዜ ይወስድብኛል።» ሁለተኛው ልክ ሰማኒያ በአርባ አምስት ወጣ። ሦስተኛው ሰባ በአርባ። ነፋሱ ከገደሉ በኩል ይመጣል፣ እጄ ደንዝዟል።

«እየወረደ ነው» አልኳት።

«አየሁት። ከዚህ ከወረደ ሽቦውን ትቼ አነቃታለሁ። ቀጥዪ ስትለኝ እቀጥላለሁ፣ ተይ ስትለኝ እተዋለሁ። ዓይንህን እንዳትነቅል።»

ፓምፗን አስነሣሁ። ነፋች፣ ነፋች፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ሳይሆን የስህተት ምልክት ወጣ። ደገምኩ። አሁንም ስህተት። በቤተ ሙከራ ቢሆን ሌላ መሣሪያ ከመደርደሪያ አወርድ ነበር፤ እዚህ ያለው መደርደሪያ ጅብራ ብቻ ነው።

«ንገረኝ እንጂ!» አለች ዶክተሯ ራሷን ሳታነሣ። «ልተወው ወይስ ልቀጥል?»

ባትሪውን ነካሁ፣ ሞቃት ነው። የቱቦውን ጫፍ ነካሁ፣ ገብቷል። ቱቦውን በእጄ እየተከተልኩ ስሄድ አንድ ወፍራም ነገር ውስጥ ገባብኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ጭላዳይቱ የለችም። የተኛው አንድ በባና የተጠቀለለ ነገር ነው፤ እንደ ሕፃን ጥርቅም ተደርጋ ታስራለች፣ ከባናው የወጣው ቀኝ እጇና አፍንጫዋ ብቻ ነው። ነፋስ እንዳያነሣው ደግሞ ጋሽ ጌጡ ጠርዙ ላይ ተቀምጠውበታል። የተቀመጡት በቱቦዬ ላይ ነው።

«ማን ነው ያለበሳት?» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ተረጋግተው። «መሬት ላይ እርቃኗን ተኝታ እንዴት ዝም ብዬ ልያት? ትንቀጠቀጥ ነበር እኮ።»

መንዞች ሰው ሳይለብስ ተኝቶ ዝም ብለው አያዩም። እንግዳ ቢሆን፣ ሰካራም ቢሆን ያለብሱታል፤ ይህን በኋላ እዚያው በዓይኔ አየሁት። ያን ጊዜ ግን ተናደድኩ። «ይነሡልኝ፣ ጋሽ ጌጡ፣ በሞቴ ይነሡልኝ!» እሳቸው ደንግጠው ሲነሡ ባናውን ልገፍፍ እጄን ሰደድኩ። ውስጡ ሞቃት ነበር፤ ከኔ እጅ ይልቅ እሷ ሞቃለች። መንቀጥቀጧ ቆሟል። እጄን መለስኩ።

እንድትሞቅ ያስፈልጋታል፤ ቁጥር ደግሞ ያስፈልገናል። ጦጣ ሁለት ክንድ ብቻ አይደለም ያለው፣ ጅራትም አለው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ክንድ አልመች ሲለን የምንለካው ጅራቱ ሥር ነው። ባናውን ከበስተኋላ ትንሽ ከፈትኩ፣ ፀጉሯን ወደ ጎን አደረግሁ፣ ትንሹን ካፍ ጅራቷ ሥር ጠመጠምኩ። ቱቦውን በገዛ እጄ ያዝኩት።

ፓምፗ ነፋች። ለቀቀች። ሰባ አምስት በአርባ ሁለት። አላመንኩም፣ ደገምኩ። ሰማኒያ በአርባ ሦስት።

«እየወጣ ነው» አልኩ። «ቀጥዪ፣ ዶክተር።»

ቀጠለች። ሽቦው በመጨረሻ ሲወጣ የጣት ቀለበት የሚያክል ዝገት ነው። ቁስሉን አጥባ ሰፋች፣ መድኃኒት ወጋቻት። እጇ ግን ሰማያዊ ሆኖ አብጧል፤ ዶክተሯ ጣቶቿን አንድ በአንድ ብታጥፋቸው ምንም መልስ የለም። «ይዳን አይዳን አሁን አይታወቅም» አለች። «ሽቦው ወጥቷል። የቀረው የሷ ነው።»

ጋሽ ጌጡን ስለጮህኩባቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አንተም ለሷ ብለህ፣ እኔም ለሷ ብዬ» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ባናውን ግን ከላይዋ አላነሡም፤ እስክትነቃ ድረስ አብረን ያዝነው።

የገደሉ አፍ

እንቅልፉ እንዳሰብነው ቶሎ አልለቀቃትም። ግልገሏን መልሰንላት ጡት ስትጠባ ደስ አለን፤ እናቲቱ ግን ትቀመጣለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ትተኛለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንጋው እየለቀመ ወደ ገደሉ ተመለሰ። ሊወርዱ ነው። እሷም የወገኖቿን ድምፅ ሰምታ ተነሣች፤ ወደ ገደሉ ሁለት እርምጃ ሄዳ በደረቷ ተደፋች።

«አሁን ከወረደች ትወድቃለች» አለች ዶክተር ምሕረት። ፊቷ አመድ መስሏል። «ብንይዛት ደግሞ ደንግጣ ትዘላለች።»

ጋሽ ጌጡ ጊዜ አላጠፉም። «ተነሡ፣ በሷና በገደሉ መካከል ገብተን እንቀመጥ። ጀርባችሁን ስጧት። ሣር የምትለቅሙ ምሰሉ፤ የሚለቅም ሰው አይፈሩም።»

ሄደን ገደሉ አፍ ላይ በረድፍ ተቀመጥን፤ ጠባቂው፣ ካህኑ፣ ሐኪሟና እኔ። ከእግራችን ፊት መሬት የለም። እኔ ሣሩን ጨብጬ ልነቅል ስል መምሬ እጄን ያዙኝ።

«አስመስል እንጂ አትንቀል» አሉኝ በሹክሹክታ። «ወቅቱ አይደለም።»

ሕይወቴ በገደል አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሕግ ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነው። እጄን በባዶው እያመላለስኩ «ይህንንስ ይቀጡበታል?» ብላቸው ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቃቸውን ውጠው ነው። አራታችንም ያልነቀልነውን ሣር ስንጎርስ ቆየን። ከኋላዬ የእግሯን ኮሽታ እሰማለሁ፤ ትመጣለች፣ እኛን ታይና ትቀመጣለች፣ ታርፋለች። ጀርባዬን ስታየኝ ይታወቀኛል። እግዜርን «እባክህ፣ ትንሽ ብቻ ትንቃ» ስል ነበር፤ ከዚያ በፊት ለአንድ ቁጥር እንጂ ለአንድ ጦጣ ጸልዬ አላውቅም።

የመጨረሻው አውራ ግን አልወረደም። ገደሉ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያጉረመርማል። እሷም መለሰችለት፤ ድምፅዋ ከቅድሙ ጠንከር ብሏል። ጋሽ ጌጡ በትከሻቸው አየት አደረጉና «ዓይኗ ጠራ። ክፈቱላት» አሉ። በቀስታ ወደ ጎን ተንፏቀቅን። አለፈችን፤ ግልገሏ ሆዷ ላይ፣ ቀኝ እጇ አሁንም ደረቷ ላይ። በሦስት እግር ገደሉን ስትወርድ አልቻልኩም፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጋሽ ጌጡ በደረታቸው ተኝተው አንገታቸውን ወደ ታች አሰገጉ።

«ደርሳለች» አሉ። «እንደሌላው ቀን ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች።»

ነፍሴ መለስ አለች። ዶክተር ምሕረት እዚያው ሣሩ ላይ ተዘርግታ አለቀሰች። ጋሽ ጌጡም ያንኑ ባና አመጡና አለበሷት።

ወደ ቤት

በማግስቱ በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ጋሽ ጌጡ አንድ ከረጢት የገብስ ቆሎ አሲዘውኛል፤ «አልወስድም» ብል «አፈር ስሆን» ብለው ኪሴ ውስጥ ጨመሩት። ደብረ ብርሃን ከዶክተር ምሕረት ጋር ስንለያይ ሁለታችንም ደስ ያለን አልመሰልንም። ሽቦው ወጥቷል፣ አልሞተችም፣ ሽማግሌዎቹም «እንኳን መጣችሁ» ብለውናል። እጇ ግን? የሄድነው ለእጇ አልነበረም ወይ?

ቤት ስገባ ባለቤቴ ካፖርቴን አሽትታ «በግ ነው ወይስ ዝንጀሮ?» አለችኝና ውጭ ሰቀለችው። ሥራ ስመለስ መስኮት የሌለው ክፍሌ ጠበበኝ። አንዲት ጦጣችን ተኝታ ካፉን ክንዷ ላይ ስጠመጥም ብርድ እንዳይነካት መጀመሪያ በፎጣ ሸፈንኳት፤ ባልደረባዬ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ይህን ሁሉ ዘመን ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ስጠይቅ ኖሬ፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ መጠየቅ ረስቼ ነበር። የዚህ ጉዞ ትምህርት ይኸው ነው፤ ትልቅ ነገር አይደለም፣ ግን ዘገየብኝ።

ዜና ሳልሰማ ሳምንታት አለፉ። መጥፎ ነገር ይሆናል ብዬ መደወሉን ፈራሁ። አንድ ቀን ምሳ ልወጣ ስል ስልኬ ጠራ፤ ጋሽ ጌጡ ናቸው። ነፋሱ ቃላቸውን ግማሽ በግማሽ ይወስደዋል። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥተዋል።

«ኢንጂነር፣ ትሰማኛለህ? ፊቴ ተቀምጣለች።»

«እጇስ?» አልኩ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግድግዳውን ይዣለሁ።

«ሁለቱ ጣቶቿ አይታጠፉም። ሌሎቹ ግን...» ነፋስ። «...በቀኟ ነቀለች። ዛሬ ጠዋት ጀመረች። ቁጭ ብዬ ስቆጥርላት ነው ያረፈድኩት። ግልገሏም ከአፏ ትቀማታለች።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሲጨርሱ ወዲያው ለዶክተር ምሕረት ደወልኩላት። አፍንጫዋን እየሳበች ሪፖርቱን እስካሁን አለመዝጋቷን ነገረችኝ።

«መጨረሻው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ግፊቷን ስንት ብዬ ላስፍረው?»

«ግፊቷን ተይው፣ ልጄ» አልኳት። «በቀኝ እጇ ሣር ነቀለች ብለሽ ጻፊ።»